ቤት ከምን ይሠራ? ለማንስ ይሠራ?

ምግብ፣ ልብስና መጠለያ የሰው ልጅ መሠረታዊ ፍላጎቶች መሆናቸው የታወቀ ነው። ከሦስቱ መካከል ብዙ ጉልበትና ሀብት የሚጠይቀው፣ ስህተቱም ረጅም ዕድሜ ያለው መጠለያ ነው። እህል በየዓመቱ ይዘራል፤ ልብስ ሲያልቅ ይለወጣል። ቤት ግን አንድ ጊዜ ከቆመ ጥቅሙም ሆነ ጉድለቱ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። በመሆኑም ቤት ከምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ ለአናጺና ለግንበኛ ብቻ የሚተው የሙያ ጉዳይ ሳይሆን የአገርን ኢኮኖሚ፣ የተፈጥሮ ሀብትንና የሰፊውን ሕዝብ ኑሮ በቀጥታ የሚነካ ጥያቄ ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ «አረንጓዴ ግንባታ» የሚለው አነጋገር በየስብሰባው አዳራሽና በየማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ይደመጣል፣ ይነበባል። አነጋገሩ መለመዱ ባልከፋ። ነገር ግን ይዘቱ በሚገባ ካልተተነተነ፣ ቃሉ ጥቂቶች ለሚያሠሩት ውድ ሕንፃ ጌጥ ሆኖ ከመቅረት አያልፍም። ስለሆነም ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት አረንጓዴ ቤት ማለት ምን ማለት እንደሆነና ለማን እንደሚሠራ ነው።

የቤት ጥያቄ በአገራችን የተጓዘበት መንገድ

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። አዋጁ የቤቱን ባለቤትነት ለወጠ እንጂ ቤቱ የተሠራበትን ነገርና ቤቱ የሚታደስበትን ሥርዓት አልለወጠም። ኪራዩ ዝቅተኛ ሆኖ ተወሰነ፤ የሚጠግነው አካል ግን አቅም አልነበረውም። በዚህም ምክንያት ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ጣሪያቸው እየዛገ፣ ማገራቸው በምስጥ እየተበላ፣ ምርጊታቸው እየረገፈ ለአሥርተ ዓመታት ሰው ሲኖርባቸው ቆዩ። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የባለቤትነት ጥያቄ መመለሱ ብቻውን ጣሪያ አይጠግንም፤ የቁሳቁስና የዕውቀት ጥያቄም አብሮ መመለስ አለበት።

ከሦስት አሥርተ ዓመታት ገደማ በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ የኮንዶሚኒየም ግንባታ በአዲስ አበባ ተጀመረ። ይህ ፕሮግራም በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችን አስገኝቷል። በየአካባቢው የተደራጁ ወጣቶች ብሎኬት እንዲያመርቱ፣ በር እና መስኮት እንዲገጣጥሙ የሥራ በር ከፍቷል። ይህ ሊካድ የማይችል ውጤት ነው። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው በሲሚንቶ፣ በፌሮና በቆርቆሮ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ በናረ ቁጥር የቤቱ ዋጋ አብሮ ናረ፤ ዕቃው በጠፋ ቁጥርም ግንባታው አብሮ ቆመ። ቆጥበው ዕጣቸውን የሚጠብቁ ቤተሰቦች ከዓመት ወደ ዓመት የተጉላሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሲሚንቶ፦ አስፈላጊነቱና ገደቡ

በኢትዮጵያ ሲሚንቶ መመረት የጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ ነው። በ1976 ዓ.ም. የሙገር ፋብሪካ ወደ ሥራ ገባ፤ ከዚያም መሰቦ፣ ደርባ እና ሌሎችም ተከተሉ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ፋብሪካ ደግሞ በቀን 150 ሺህ ኩንታል የማምረት አቅም ይዞ ተነሥቷል። እነዚህ የአገር ሀብቶች ናቸው። ድልድይ፣ ግድብ፣ ሆስፒታልና ፎቅ ቤት ያለ ሲሚንቶ አይታሰቡም።

ጥያቄው ሲሚንቶ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚል አይደለም። ጥያቄው ባለ አንድ ፎቅ ወይም ምድር ቤት ብቻ ለሆነ መኖሪያ ሁሉ ሲሚንቶ ብቸኛው መፍትሔ ነው ወይ የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት ሲሚንቶ እንዴት እንደሚሠራ መመልከት ይበቃል። የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተፈጭተው 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ይጋገራሉ፤ ውጤቱ ክሊንከር ይባላል። ክሊንከሩ ከጂፕሰም ጋር ሲፈጭ ሲሚንቶ ይሆናል። በዚህ ሂደት አንድ ቶን ክሊንከር ሲመረት ከ0.8 ቶን ያላነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃል። ከዚህም የሚበዛው፣ ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው፣ የሚወጣው ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ነው። እቶኑ በምንም ዓይነት ንጹሕ ነዳጅ ቢነድ ይህ ክፍል አይቀርም ማለት ነው። በዓለም ላይ ከሰው ሥራ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው የሲሚንቶ ኢንዱስትሪ ድርሻ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ መሆኑ ትልቅ ጸጋ ነው። የሲሚንቶ እቶን ግን በዋናነት የሚነደው በድንጋይ ከሰልና በመሳሰሉት ነዳጆች እንጂ በዓባይ ውኃ አይደለም። ስለዚህ በሲሚንቶ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ የቤት ግንባታ የአገሪቱን ጸጋ ሳይሆን ጉድለቷን ይከተላል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ሲሚንቶ ከገበያ ጠፍቶ ዋጋው በተሰቀለበት ወቅት፣ መንግሥት የዋጋ ተመንና የማከፋፈያ ሥርዓት እስከማውጣት መድረሱ ይታወሳል። ያን ጊዜ ጎጆ ለመውጣት መሠረት ያስቆፈረ ሠራተኛ ጉድጓዱን እያየ ከረመ። ይህ ሁኔታ የነጋዴ ስግብግብነት ብቻ የፈጠረው አልነበረም። ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የሚያስተዳድር አገር ግድግዳውን ሁሉ በአንድ ዕቃ ላይ ማቆሙ ያመጣው ውጤትም ነበር።

ሁለት የተሳሳቱ ዝንባሌዎች

አረንጓዴ ግንባታን በሚመለከት ሁለት የተሳሳቱ ዝንባሌዎች ጎልተው ይታያሉ። ሁለቱም ተቃራኒ መስለው ቢታዩም ውጤታቸው አንድ ነው፤ ሰፊውን ሕዝብ ያለ መፍትሔ ይተዋሉ።

የመጀመሪያው ዝንባሌ ዘመናዊነትን ከመስተዋት ጋር አንድ አድርጎ የሚያይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ የቀኗ ሙቀት በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ የሆነ ከተማ ናት። በአግባቡ የተነደፈ ቤት በዚህች ከተማ ማቀዝቀዣም ማሞቂያም ሳይፈልግ ሊያኖር ይችላል። እንዲህ ባለ አየር ንብረት ውስጥ ከምድር እስከ ጣሪያ በመስተዋት የተሸፈነ ሕንፃ ማቆም፣ ፀሐይን አስገብቶ ሙቀቱን መልሶ የማያስወጣ ሣጥን መሥራት ነው። ከዚያም ያንኑ ሙቀት ለማስወጣት ማቀዝቀዣ ከውጭ ይገዛል፤ ኤሌክትሪክ ይባክናል። በዚህ ላይ ጥቂት ተክል በሰገነት ላይ ተደርድሮ ሕንፃው «አረንጓዴ» ይባላል። ይህ ለሌላ ምድርና ለሌላ የአየር ጠባይ የተቆረጠ ልብስ ነው።

ሁለተኛው ዝንባሌ ደግሞ የጥንቱን ሁሉ እንዳለ የሚያወድስ ነው። የገጠሩን ጎጆ በሩቅ እያየ «አባቶቻችን ሁሉን አሟልተውታል» ይላል። ጎጆው ውስጥ ስለሚታፈነው ጭስ፣ ስለ እናቶች ዓይንና ሳንባ፣ ከወለሉ ስለሚነሣው እርጥበት፣ ክዳኑን በየጊዜው ለመለወጥ ስለሚወጣው ድካም ግን ዝም ይላል። ድህነትን በባህል ስም ማሞገስ ለባህልም ለሕዝብም አይበጅም። በዚያ ቤት የሚኖረው ገበሬ ቆርቆሮ የገዛው ባህሉን ስለናቀ አይደለም። ሰንበሌጥ እየጠፋ ስለሄደ፣ ቆርቆሮ እሳት ስለማይበላው፣ በየጥቂት ዓመቱም መክደን ስለማያስፈልገው ነው። የሕዝቡ ምርጫ ምክንያት አለው፤ ተንታኝ ነኝ የሚል ሁሉ ያን ምክንያት ማክበር አለበት።

ጥፋቱ የአፈሩ አይደለም

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው አባባል በአፈር ቤት ላይ በትክክል ደርሷል። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና የቤት ቆጠራ እንዳረጋገጠው በአገሪቱ ካሉት ቤቶች አብዛኞቹ ግድግዳቸው እንጨትና ጭቃ ነበር። ይሁንና «ጭቃ ቤት» የሚለው ቃል በከተሞቻችን የችግረኛነት መጠሪያ ሆኗል። ይህ ንቀት ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የጭቃ ቤት የሚፈርስባቸው ምክንያቶች በቅርብ ሲመረመሩ ጥቂትና የታወቁ ናቸው። አንደኛ፣ ቋሚው እንጨት በቀጥታ መሬት ውስጥ ስለሚተከል ሥሩ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይበላዋል። ሁለተኛ፣ ግድግዳው ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ስለሌለው የዝናብ ጠብታ ከመሬት እየፈናጠረ ታችኛውን ክፍል ይሸረሽረዋል። ሦስተኛ፣ ቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲባል የጣሪያው ጠርዝ ስለሚያጥር የክረምት ውሽንፍር ምርጊቱን ያጥበዋል። አራተኛ፣ አፈሩ ሳይመረጥ ስለሚቦካ ይሰነጠቃል። በተለይ ጥቁር መረሬ አፈር እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅም የሚሰነጠቅ በመሆኑ ለግድግዳ ቀርቶ ለመሠረትም አስቸጋሪ ነው።

ከእነዚህ አራት ምክንያቶች ውስጥ ሦስቱ የአሠራር ጉድለቶች፣ አራተኛው ያልተገባ አፈር መርጦ የመሥራት ስህተት ነው። አፈርን እንደ ግንባታ ዕቃ የሚያስኮንን አንድም ምክንያት የለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን በድንጋይ መሠረት ላይ በእንጨትና በጭቃ ተሠርተው፣ ሰፊ በረንዳና ረጅም የጣሪያ ጠርዝ ከተበጀላቸው የአዲስ አበባ ቤቶች መካከል ከመቶ ዓመት በላይ የቆሙ መኖራቸው የዚህ ማስረጃ ነው። ወፍራም የአፈር ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ከብዙ ሰዓታት በኋላ ሌሊት ይለቃል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ደጋ ይህ የአፈር ባሕርይ ያለ ክፍያ የሚገኝ ማሞቂያ ነው። ስስ ብሎኬትና ባዶ ቆርቆሮ ይህን ሊሰጡ አይችሉም። በእንዲህ ያለ ቤት ኮርኒስ የሌለው ሰው ቀትር ላይ በሙቀት፣ ሌሊት በብርድ፣ ዝናብ ሲመጣም በጩኸት እንደሚቸገር የሚኖርበት ያውቀዋል።

አፈር ወደ ሳይንስ ሲገባ

አፈር ሳይንሳዊ አሠራር ሲያገኝ ምን ሊሆን እንደሚችል ከአህጉራችን አንድ ምሳሌ እናንሣ። በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ2001 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሠራ። ንድፉን ያወጣው የዚያው መንደር ተወላጅ የሆነው ዲየቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ ነው። የመንደሩ ሰዎች በመጀመሪያ አፈርን ተጠራጠሩት፤ ከዝናብ ጋር ሲፈርስ ያዩት ዕቃ ነበርና። ኬሬ ግን አፈሩን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር አደባልቆ በመጭመቂያ ጡብ አደረገው። የቆርቆሮውን ጣሪያ ከኮርኒሱ ከፍ አድርጎ በመለየት በመካከሉ አየር እንዲተላለፍ፣ ሙቁ አየርም ሽቅብ እንዲወጣ አደረገ። የጣሪያውንም ጠርዝ አስረዝሞ ግድግዳውን ከዝናብ ጠበቀ። ሥራውን ያከናወኑት የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ2004 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አገኘ፤ ኬሬም እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪትዝከርን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ከሽልማቱ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ቆርቆሮው አለመጣሉ ነው። ሕዝቡ የወደደው ዕቃ ቦታውን አገኘ፤ የናቀውም ዕቃ ክብሩን አገኘ።

በአገራችንም ሙከራው አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ከዙሪክ የስዊስ ፌዴራላዊ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር ባለ አንድ ፎቅ የአፈር ቤት አቁሟል። የምድር ቤቱ ግድግዳ በቅርጽ ውስጥ ተጠቅጥቆ የተሠራ አፈር ነው። የፎቁ ወለል ደግሞ ፌሮ ሳይገባበት በስስ የአፈር ጡቦች ቅስት ተይዟል። ይህ ቤት ያረጋገጠው ዋና ነገር አፈር ከምድር ቤት አልፎ ፎቅ መሸከም እንደሚችል፣ ይህም በአዲስ አበባ አፈርና በአዲስ አበባ ሠራተኞች እጅ የሚቻል መሆኑን ነው።

የተጨመቀ የአፈር ጡብ አሠራር ውስብስብ አይደለም። ተስማሚ አፈር ተመርጦ ይነፋል፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሚንቶ ወይም ኖራ ይጨመርበታል፤ በእጅ ወይም በሞተር መጭመቂያ ይታተማል፤ ከዚያም እርጥበቱ ተጠብቆ ለሳምንታት ይጠነክራል። የእጅ መጭመቂያው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ቦጎታ የተፈለሰፈ ቀላል መሣሪያ ነው፤ በማንኛውም የብረታ ብረት ዎርክሾፕ ሊሠራ ይችላል። እንደ ሸክላ ጡብ በእሳት ስለማይተኮስ እንጨት አያስቆርጥም። የሲሚንቶው መጠን ከልክ ካለፈ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ልኬትና ቁጥጥር የግድ ነው።

እዚህ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ለወራት የቆየው መንቀጥቀጥም በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ከባድ የአፈር ግድግዳ ማሰሪያ ከሌለው በመንቀጥቀጥ ጊዜ አደገኛ ነው። መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ ግድግዳውን ዙሪያውን የሚይዝ ቀበቶ በአናቱ ማሰር፣ በማዕዘኖቹ ማጠናከሪያ መትከል፣ መስኮቶችን ማጥበብና ከማዕዘን ማራቅ። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ፌሮና አርማታ የሲሚንቶ ትክክለኛ ቦታ የት እንደሆነ ያሳያል። ሲሚንቶ ግድግዳውን ሁሉ ሳይሆን ግድግዳውን የሚያስረውን ቀበቶ ይሥራ።

አንድ መልስ ለሁሉም ምድር አይሆንም

ኢትዮጵያ ብዙ የአየር ጠባይ ያላት አገር እንደመሆንዋ ለቤት ጥያቄዋ አንድ መልስ ብቻ ሊኖር አይችልም። በሲዳማና በጋሞ ደጋ ሕዝቡ ቀርከሃን አጎንብሶና ጠርቦ ረጅም ዕድሜ ያለው ቤት መሥራት ያውቃል። አገሪቱም በአፍሪካ ከፍተኛው የቀርከሃ ሀብት ያላት ናት። ቀርከሃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለግንባታ ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። ጠላቱ ነቀዝ በመሆኑ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ መታከም አለበት። በትግራይና በኮንሶ የድንጋይ ጥበብ አለ። በሐረር የድንጋይና የኖራ ቤት ሙቀትን እንዴት እንደሚከላከል የጀጎል ቤቶች ይመሰክራሉ። በስምጥ ሸለቆ ቀላልና ቀዳዳማ የሆነው የፑሚስ ድንጋይ በብዛት ይገኛል። ይህ ድንጋይ ተፈጭቶ በክሊንከር ፈንታ በከፊል ሲገባ የሲሚንቶውን ብክለት ይቀንሳል፤ ፋብሪካዎቻችንም ይህን ለዓመታት ሲሠሩበት ቆይተዋል። በመጠነኛ ሙቀት የተጋገረ ሸክላና የኖራ ድንጋይ በማደባለቅ የክሊንከሩን ግማሽ ያህል መተካት የሚቻልበት አሠራርም በሌሎች አገሮች ወደ ምርት ገብቷል።

ንድፍም ራሱ ያለ ዋጋ የሚገኝ ዕቃ ነው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ቤትን የሚያቃጥለው በጠዋትና በማታ ከምሥራቅና ከምዕራብ ዝቅ ብሎ የሚመጣው ፀሐይ ነው። ስለዚህ ቤቱን በረጅም ጎኑ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ማዞር፣ በምዕራብ በኩል ያለውን መስኮት ማሳነስ፣ በጋምቤላና በአፋር ደግሞ ነፋስ በቤቱ መካከል እንዲያልፍ ፊት ለፊት መስኮት መክፈት ተጨማሪ ብር አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ንድፍ ከአሶሳ እስከ ሠመራ አለማባዛትን ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የቆመ ቤት መታደሱ አይዘንጋ። ጠንካራ የሆነ ነባር ቤት ሲፈርስ የተሠራበት ድንጋይ፣ እንጨትና ጉልበት ሁሉ አብሮ ይፈርሳል፤ በምትኩም አዲስ ሲሚንቶ ይቃጠላል። ማፍረስ የግድ በሚሆንበት ጊዜም ድንጋዩ፣ አጠናውና ቆርቆሮው ተለቅሞ መልሶ ለግንባታ መዋሉ ጥሬ ገንዘብን ማዳን ነው።

ቀጣዩ ተግባር

ከላይ የቀረበው ትንታኔ ወደ አንድ መደምደሚያ ያመራል። የጎደለው ዕቃው ሳይሆን ለዕቃው የሚሰጠው ሥርዓት ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2013 ለአፈር ጡብ ብሔራዊ ደረጃ አውጥታለች። ፔሩ መንቀጥቀጥ የሚያጠቃትን ምድሯን አይታ ለጭቃ ጡብ ቤት የራሱን የግንባታ ደንብ ደንግጋለች። ሕንድ በሲሚንቶ ለተጠናከረ የአፈር ጡብ ደረጃ ካበጀች ቆይታለች። ኮሎምቢያም ቀርከሃን እ.ኤ.አ. በ2010 በጸደቀው የመንቀጥቀጥ ደንቧ ውስጥ አካታለች። እነዚህ አገሮች የተረዱት መሐንዲስ ፊርማውን የሚያኖረው፣ ባንክ የሚያበድረው፣ ማዘጋጃ ቤትም ፈቃድ የሚሰጠው ለታወቀ ደረጃ እንጂ ለምክር እንዳልሆነ ነው።

በመሆኑም የእኛም ሥራ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ለአፈር ጡብ፣ ለተጠቀጠቀ አፈርና ለታከመ ቀርከሃ መሐንዲስ በእርግጠኝነት የሚሠራባቸው ዝርዝር ደንቦች በየአካባቢው አፈር ተፈትነው በሥራ ላይ መዋል አለባቸው። ቀጥሎ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ግንበኛውን በብሎኬት ብቻ ሳይሆን በአፈርም ማሠልጠን ይኖርባቸዋል። ሦስተኛ፣ በየወረዳው የሚሠራ ጤና ኬላ፣ መማሪያ ክፍልና የመምህራን መኖሪያ በዚህ አሠራር በጨረታ ሊወጣ ይገባል። ሕዝቡ የመንግሥት ቤት ከአፈር ሲሠራ ካላየ፣ አፈር የድሃ ነው ማለቱን አይተውምና። የኮንዶሚኒየሙ ፕሮግራም ለብሎኬት አምራች ማኅበራት ገበያ እንደፈጠረ ሁሉ፣ ይህም ለአፈር ጡብ አምራቾች ገበያ ይፈጥራል። በመጨረሻም ሕዝቡ ለዘመናት ቤት ሲያቆምበት የኖረውን ደቦ ከመሐንዲሱ ልኬት ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። ጉልበቱና ትብብሩ ዛሬም አለ፤ የጎደለው ውኃ ልኩና ቱንቢው ነው።

የአንድ ቤት አረንጓዴነት የሚለካው በሰገነቱ ላይ በተተከለ አበባ ወይም በበሩ ላይ በተለጠፈ ምስክር ወረቀት አይደለም። መለኪያው በመጠነኛ ደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ሊሠራው መቻሉ፣ የአካባቢው ሰው በራሱ እጅ ሊጠግነው መቻሉ፣ ክረምትና በጋውን ያለ ማሽን አሳልፎ ለልጆች መተላለፉ ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ ብዙው የሚያስፈልገን ዕቃ ከእግራችን ሥር አለ፤ የቀረው ዕውቀትን ጨምሮ ማንሣት ነው።